ቆጠራ፣ መጠይቅ ወይስ ምልከታ? ድሬዳዋ ላይ ሰውን በቁጥር ለማወቅ የቱ ይሻላል

ቀፊራ ገበያ ውስጥ ከማለዳ ጀምረው ሎሚና ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት አጠገብ ተቀምጬ ቅጽ ስሞላ የሆነውን አልረሳውም። «እናቴ፣ ሥራ አለዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ኧረ የለኝም ልጄ» አሉኝ። ይህን ሲሉ ግራ እጃቸው ሎሚ ይደረድራል፣ ቀኝ እጃቸው ለደንበኛ መልስ ይቆጥራል። «ሥራ የላቸውም» ብዬ ብጽፍ የሰጡኝን መልስ በትክክል መዝግቤአለሁ፤ እውነቱን ግን አልጻፍኩም። ለእርሳቸው ሥራ ማለት ቢሮና ደመወዝ ያለው ነገር ነው። ጥያቄውን ለውጬ «ባለፉት ሰባት ቀናት ገቢ ለማግኘት ብለው አንድ ሰዓትም ቢሆን ሸጠዋል ወይም ሠርተዋል?» ስላቸው ገረማቸው። «ሰባቱንም ቀን እዚሁ ነኝ እንጂ!» የሠራተኛ ኃይል ጥናቶች የሰባት ቀንና የአንድ ሰዓት መለኪያ የያዙት እንዲህ ያለውን ሰው ላለመሳት ነው።

«ስንት ሰው ልጠይቅ?» ብሎ ለሚመጣ ሰው ወዲያው ቁጥር የማልሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪ፣ የአባላቱን ችግር ለማወቅ የሚፈልግ የእድር ወይም የአፎሻ ኮሚቴ፣ ሱቅ የሚከፍትበትን ቦታ የሚመርጥ ነጋዴ፣ ሦስቱም የሚጀምሩት ከዚሁ ጥያቄ ነው። እኔ የማስቀድመው ሌላ ነው። ምን ለማወቅ ፈለጉ? የመረጡት መንገድስ ማንን ከቁጥር ውጭ ያስቀራል? ማንንም የማያስቀር የመረጃ አሰባሰብ መንገድ የለም። ከዚህ በታች መንገዶቹን የማወዳድራቸው በዋጋና በፍጥነት ብቻ ሳይሆን በሚያስቀሩት ሰው ጭምር ነው።

ያለውን መጠቀም ወይስ አዲስ መሰብሰብ

ብዙ ተማሪ ሁለት ወር ፀሐይ ላይ ተንከራትቶ የሚያመጣው መረጃ ቀድሞ ተሰብስቦ ተቀምጦ ይገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለውን ይፈልጉ።

የሕዝብና ቤት ቆጠራ ትልቁ ብርታቱ እስከ ቀበሌ ድረስ መውረዱ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ድሬዳዋ 341,834፣ የሐረሪ ክልል ደግሞ 183,415 ሕዝብ ነበራቸው። ድክመቱ ዕድሜው ነው። ኢትዮጵያ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ከቆጠረች በኋላ አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተራዝሞ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተላልፏል። በ1999ኙ ቆጠራ ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ወጣት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያዩት የሕዝብ ብዛት ሁሉ ትንበያ ነው፤ ትንበያ ደግሞ ማን ከገጠር እንደገባ፣ ማን ወደ ጅቡቲ እንደሄደ አንድ በአንድ አያውቅም። ለጠቅላላ መጠን ይጠቀሙበት። ስለ አንድ ሰፈር የዛሬ ኑሮ ለመናገር ግን አይበቃም።

ሁለተኛው ምንጭ አገር አቀፍ የናሙና ጥናት ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ተካሂዷል። በ2016ቱ ጥናት መሠረት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ በአገር ደረጃ 4.6፣ በሶማሌ ክልል 7.2፣ በአዲስ አበባ 1.8፣ በድሬዳዋ 3.1 ነበር። ይህን 3.1 ይዞ ስለ ድሬዳዋ ሴቶች አንድ ምዕራፍ የሚጽፍ ተማሪ ግን ቆም ማለት አለበት። በ1999ኙ ቆጠራ የአስተዳደሩ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከተማ፣ የቀረው ገጠር ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ የከተማዋን የሳቢያን ሰፈር የመንግሥት ሠራተኛና የገጠር ቀበሌዋን እናት ደባልቆ የያዘ ነው። ከሁለቱ የአንዳቸውን ኑሮ በትክክል ላያሳይ ይችላል።

የዚህን ጥናት ጥሬ መረጃ ወስዶ ራሱ ለሚያሰላ ሰው ሌላ ማሳሰቢያ አለኝ። ድሬዳዋና ሐረሪ ትንሽ ስለሆኑ ጥናቱ ከሕዝባቸው ድርሻ በላይ ብዙ ቤት ይወስድባቸዋል፤ ያለበለዚያ ስለ እነርሱ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። የአገሩን አማካይ ሲያሰሉ እያንዳንዱ ቤት የተሰጠውን የክብደት መጠን (ስንት ቤት እንደሚወክል የሚያሳየውን ቁጥር) ካላስገቡ ሁለቱ ትንንሽ አስተዳደሮች አገሩን ወደ ራሳቸው ይጎትቱታል። ይህን ረስቶ የመጣ ጽሑፍ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ስሌቱን እንደገና ከመሥራት በቀር መፍትሔ የለውም።

ሦስተኛው የተቋማት መዝገብ ነው፤ የጤና ጣቢያ፣ የትምህርት ቤት፣ የቀበሌ። ርካሽ ነው፣ በየቀኑ ይታደሳል። ነገር ግን መዝገብ የሚቆጥረው የመጣውን ነው። የዴንጊ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቺኩንጉንያ ደግሞ በ2019 ድሬዳዋን ሲመቱ ቤተሰቡ ሁሉ በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም ወድቆ ጤና ጣቢያ የሄደው አንድ ሰው ብቻ የሆነበትን ቤት ያላየ የከተማው ሰው ማን ነው? መዝገቡ ላይ ያ ቤት አንድ ተብሎ ነው የተጻፈው። ወረርሽኙ እየጨመረ ወይስ እየቀነሰ እንደሆነ ለማወቅ መዝገብ ይበቃል። ስንት ሰው እንደታመመ ለማወቅ ቤት ለቤት ከመሄድ ሌላ አማራጭ የለም።

ሁሉንም መጠየቅ ወይስ ናሙና መውሰድ

የሚያጠኑት ስብስብ ከሁለት መቶ የማይበልጥ ከሆነ ሁሉንም ይጠይቁ። 120 አባላት ያሉት እድር ናሙና አያስፈልገውም፤ የቀረው አባል «እኔን ለምን ተዋችሁኝ?» ማለቱም አይቀርም።

ከዚያ በላይ ከሆነ ናሙና ይሻላል፤ ሂሳቡም ብዙዎች ከሚያስቡት የቀለለ ነው። በዕጣ የተመረጡ 100 ሰዎች ሲጠይቁ ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 10 መቶኛ ነጥብ ሊዋዥቅ ይችላል። በ400 ሰው ወደ 5፣ በ1,000 ሰው ወደ 3 ይወርዳል። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። የከተማው ትልቅነት ደግሞ ለውጥ የሚያመጣው በጣም በጥቂቱ ነው። በትክክል የተመረጡ 400 ሰዎች ለድሬዳዋም ለመላው ኢትዮጵያም ተመሳሳይ ስፋት ያለው ግምት ይሰጣሉ። ስለ ሳቢያን ለብቻ፣ ስለ መጋላ ለብቻ መናገር ከፈለጉ ግን ለየአንዳንዱ በቂ ሰው ያስፈልግዎታል፤ የተማሪዎች በጀት የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው።

ዋናው ግን ብዛቱ ሳይሆን ዕጣው ነው። የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ እህል የሚገዛ ነጋዴ የለም፤ እጁን እስከ ታች ያስገባል። ሰውንም እንዲሁ ነው። ቀበሌው የ1,600 አባወራና እማወራ ዝርዝር አለው እንበል፤ 160 ቤት ይፈልጋሉ። ከአሥር ቤት አንዱ ይደርሳል። ከ1 እስከ 10 የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች አጣጥፈው አንዱን ያውጡ። 7 ከወጣ የሚሄዱት ወደ 7ኛው፣ 17ኛው፣ 27ኛው ቤት ነው።

27ኛው ቤት ተዘግቶ ሲያገኙ 28ኛውን ማንኳኳት ያምርዎታል። አያድርጉት። መረጃ መሰብሰብ በጀመርኩበት ዘመን እኔ አድርጌዋለሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በር እያንኳኳሁ፣ የተዘጋውን እያለፍኩ፣ የተከፈተውን እየጠየቅኩ ቅጹን በሦስት ቀን ሞላሁ። ውጤቱን ሳየው ሰፈሩ የአረጋውያንና የሕፃናት እናቶች ብቻ መኖሪያ መሰለ። ሹፌሩ፣ ግንበኛው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ ተማሪው አንዳቸውም የሉም፤ በዚያ ሰዓት ቤታቸው አልነበሩማ! ቅጾቹን ይዤ በምሽት እንደገና ሄድኩ። የድሬዳዋ ቀን የራሱ አካሄድ አለው። ጠዋት ሰው ሥራ ላይ ነው፣ እኩለ ቀን ሙቀቱ ሁሉንም ወደ ጥላ ይሰበስባል፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ (የጫት ቅምቀማ) የያዘ ሰው ረጅም ቅጽ ሙላልኝ ቢሉት አይወድም። ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነፋሱ ሲመለስና ሰው ደጃፍ ላይ ሲወጣ ግን ቤተሰቡ ይገኛል፣ ፊቱም ይፈታል። አንድን ቤት በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ይሞክሩ። ካልተገኘ «አልተገኘም» ብለው ይመዝግቡ፤ ስንት ቤት እንዳልተገኘም በጽሑፍዎ ይናገሩ።

ፊት ለፊት፣ በስልክ ወይስ በቴሌግራም

በርካሹ ልጀምር። በቴሌግራም የሚለቀቅ መጠይቅ ገንዘብ አይጠይቅም፣ በአንድ ሌሊት አምስት መቶ መልስ ያመጣል። የሚመልሰው ግን ራሱን የመረጠ ሰው ነው፤ ስልክ ያለው፣ ማንበብ የሚችል፣ ስለ ጉዳዩ የተቆጣ ወይም የተደሰተ። ብዛቱ አያድንዎትም። እ.ኤ.አ. በ1936 አንድ የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ወረቀት በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ የፕሬዚዳንት ምርጫውን ላንደን የተባለው ዕጩ ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። በዚያው ምርጫ የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሉፕ እጅግ ባነሰ፣ ግን በጥንቃቄ በተመረጠ ናሙና አሸናፊውን አውቆ ነበር። መጽሔቱ አድራሻ ያወጣው ከስልክ ደብተርና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ስለነበር በዚያ የችግር ዘመን ድሃው ገና ከመነሻው ቀርቶበታል። መልሶ የላከውም ያው ለመላክ የተነሳሳው ብቻ ነው። ቴሌግራምን የምመክረው የሚያጠኑት ሰው በሙሉ እዚያው ቡድን ውስጥ ሲኖር ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የአንድ ክፍል ተማሪዎችን።

ስልክ ከዚያ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ቤት ለቤት መሄድ ሲከለከል የዓለም ባንክ የኢትዮጵያን ቤተሰቦች በስልክ ይጠይቅ ነበር፤ ስልክ ቁጥሮቹን ያገኘው ቀደም ብሎ በአካል ከተካሄደ ጥናት ነው። ያም ሆኖ ስልክ ያለው ቤት ከሌለው ይልቅ የተሻለ ኑሮ ያለው መሆኑ ስለሚታወቅ በስሌት ማስተካከል አስፈልጓል። ስልክ የሚመረጠው ያንኑ ሰው በየወሩ እየተከታተሉ ለመጠየቅ ነው። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ስልኩን የሚያነሳው ብዙ ጊዜ አባወራው መሆኑን አይዘንጉ። ስለ ቤቱ ምግብ ወጪ እርሱን ከጠየቁት ግምት ይሰጥዎታል።

ፊት ለፊት መጠየቅ ውድ ነው፣ አድካሚ ነው፣ እኔ ግን አሁንም የማምነው እርሱን ነው። ስለዚህም ሰፋ አድርጌ ልናገር።

የመጀመሪያው ጉዳይ ቋንቋ ነው። አንድ መንገድ ላይ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ የሚናገሩ ቤቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጠያቂው በር ላይ ቆሞ ጥያቄውን በራሱ መንገድ ከተረጎመ አራት ጠያቂ አራት ዓይነት ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው። አስቀድመው በጽሑፍ ያስተርጉሙ፣ ከዚያ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ሁለተኛው የጠያቂው ማንነት ነው። ስለ ወሊድ መከላከያ ባለትዳር ሴትን ወጣት ወንድ ቢጠይቃት በጨዋነት ታልፈዋለች እንጂ አትመልስለትም። ስለ ቀበሌ አገልግሎት ሲጠይቁ የቀበሌ ሠራተኛ አጠገብዎ ከቆመ ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው» ይላል።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጣፍጠኝ ክፍል ይህ ነው። የቆጠራ ሰንጠረዥ ሲያዩ 30፣ 35፣ 40፣ 45 ላይ ሰው ተከምሮ 31ና 39 ላይ ሳስቶ ያገኙታል። ሰው በአምስትና በአሥር አጠጋግቶ ስለሚናገር ነው። መድኃኒቱ የክስተት መቁጠሪያ ነው። ለገሃሬ አካባቢ አንዲት እናት «አርባ ይሆነኛል» አሉኝ፤ የበኩር ልጃቸው ግን ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ብዕሬን አስቀምጬ «የሶማሊያ ወረራ ጊዜ ያስታውሳሉ?» አልኳቸው። «እንዴታ! ፍየል እጠብቅ ነበር፤ እናቴ እጄን ይዛ ስትሮጥ» አሉ። ወረራው 1969 ዓ.ም. ነው፤ ፍየል የምትጠብቅ ልጅ ከስድስትና ሰባት ዓመት አታንስም። «ደቻቱ ወንዝ በሌሊት የሞላ ጊዜስ?» ስላቸው «ያን ጊዜ ልጄ ትምህርት ጨርሶ ነበር» አሉ። ጎርፉ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በሁለት ጥያቄ አርባ የተባለው ዕድሜ ሃምሳን ተሻገረ። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራ ሰው እነዚህን ሁለት ዓመታት በኪሱ ይያዝ።

ዝም ብሎ ማየት

ሰው አደርጋለሁ የሚለውና የሚያደርገው ሁልጊዜ አይገጥምም። እጅ ስለመታጠብ ቢጠይቁ አብዛኛው «እታጠባለሁ» ይላል፤ ውኃው አጠገብ ተቀምጦ የቆጠረ ግን ያነሰ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ሱቅ ለሚከፍት ሰውም መቶ መጠይቅ ከመበተን ይልቅ ወንበር ይዞ ቦታው ላይ መቀመጥ ይሻለዋል። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ወይም የደቻቱ ድልድይ አፍ ላይ በየሰዓቱ አሥራ አምስት ደቂቃ አላፊውን በጭረት ይቁጠር፤ አራት ጭረት ቁም፣ አምስተኛው ያቋርጣቸው። ባጃጅ፣ እግረኛ፣ ዕቃ የያዘ፣ ባዶ እጁን የሚሄድ ብሎ ይለይ። ዓርብን ከማክሰኞ፣ ረመዳንን ከሌላው ወር አይቀላቅል። በረመዳን ቀኑ ይሞታል፣ ሌሊቱ ይነሳል፤ በዚያ ወር ብቻ ያየ ሰው የተሳሳተ ኪራይ ይፈርማል። ምልከታ የማይነግርዎት «ለምን» የሚለውን ነው። ሰዎቹ ሲያልፉ ያያሉ፣ ለምን እንዳልገቡ አያውቁም።

ሰው የሚያፍርበትን ነገር መጠየቅ

የቡድን ውይይት ብዙዎች ይመርጡታል፤ ከስድስት እስከ አሥር ሰው ሰብስቦ ማነጋገር። መጠይቅ ከመጻፍ በፊት ሰው ነገሩን በምን ቃል እንደሚጠራው ለማወቅ እጅግ ጥሩ ነው። ወጣቱን ከሽማግሌው፣ ሴቱን ከወንዱ ለይተው ያስቀምጡ፤ ካልሆነ አንድ ሰው ይናገራል፣ ሌላው ይነቀንቃል። ከአሥር ስድስቱ «አዎ» ስላሉ ግን «60 በመቶ» ብለው አይጻፉ። ያ ቁጥር ስለ ከተማው የሚናገረው የለም።

ለሚያሳፍር ጥያቄ እኔ የማደንቀው ዘዴ የሳንቲም ዘዴ ነው። መሠረቱን የጣለው እ.ኤ.አ. በ1965 ስታንሊ ዋርነር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት አሠራር ወጥቶለታል። አንዱን ላሳይ። ጥያቄው «ባለፈው ወር ለጫት ብለው ገንዘብ ተበድረዋል?» ይሁን። ለተጠያቂው የአንድ ብር ሳንቲም ይስጡት፤ ጀርባዎን አዙረው ይወርውር። ጎፈር ከወጣ እውነቱ ምንም ይሁን ምን «አዎ» ይበል። ዘውድ ከወጣ እውነቱን ይመልስ። እርስዎ ሳንቲሙን አያዩም፤ ስለዚህ «አዎ» ያለው ሰው ተበድሮ ይሁን ሳንቲሙ አስገድዶት ይሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ ሚስቱ ከአጠገቡ ብትሆንም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። 200 ሰው ጠይቀው 130ው «አዎ» አሉ እንበል። ግማሹ፣ ማለትም 100 ያህሉ፣ ሳንቲሙ ያስባላቸው ናቸው። የቀሩት 30 እውነቱን ከመለሱት 100 ሰዎች ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የተበደረው 30 በመቶ ገደማ ነው። ማን እንደሆነ ግን አንድም ስም አያውቁም። ዋጋው የስህተቱ መስፋት ነው፤ በቀጥታ ጥያቄ በ200 ሰው ወደ 6 ነጥብ የነበረው ወደ 13 ይደርሳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ማግኘት የሚችል ሰው ይያዘው።

ስም መደበቅን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። እንደ ሐረር ጀጎል ባለ ሁሉም በሚተዋወቅበት ቦታ ስም መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። «የ60 ዓመት፣ ባል የሞተባት፣ ነርስ» ብለው ሰንጠረዥ ላይ ካስቀመጡ ሰፈሩ በሙሉ ማን እንደሆነች ያውቃል። ዕድሜውን በአሥር ዓመት ክልል ያድርጉት፣ ሙያውን ሰብሰብ አድርገው ይጻፉት።

መሣሪያውና አማካዩ

በመሣሪያ ምርጫ ብዙ አይጨነቁ። ኮቦ ቱልቦክስ የተባለው የመጠይቅ መሙያ መተግበሪያ ለአነስተኛ ጥናት በነፃ ይገኛል፣ ኔትወርክ በሌለበት ገጠር ቀበሌም በስልክ ይሞላል። ለጥቂት መቶ ሰው ኤክሴል ይበቃል። ከስታቲስቲክስ ማስሊያ ፕሮግራሞች ኤስፒኤስኤስ ቀላል ነው ግን ይሸጣል፤ አር የሚባለው ነፃ ነው ግን መማሪያ ጊዜ ይፈልጋል። አማካሪዎ ሊከፍቱት የሚችሉትን ይምረጡ።

አማካዩን ግን ይጠንቀቁ። አምስት ነጋዴዎች በቀን 200፣ 250፣ 300፣ 350 እና 3,900 ብር ያገኛሉ እንበል። አማካዩ 1,000 ብር ነው፤ አንዳቸውም ግን ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ገቢ የላቸውም። በቅደም ተከተል ደርድረው መሐል ያለውን ቢወስዱ 300 ያገኛሉ፣ ገበያውንም ይበልጥ ይመስላል። ስለ ገቢና ስለ ንብረት ሲጽፉ መሐለኛውን ያስቀድሙ።

እንግዲህ ተማሪው ያለውን የአገር አቀፍ መረጃ ይመርምር፤ ካልበቃው በዕጣ የተመረጡ ቤቶችን በምሽት ያንኳኳ። የእድሩ ኮሚቴ 120ውንም አባል ይጠይቅ፣ ጠያቂዎቹ ግን የኮሚቴ አባላት አይሁኑ። ነጋዴው ወንበሩን ይዞ ይውጣ። መጠይቅ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ቅጹን ከማባዛቱ በፊት አሥር ሰው ላይ ይሞክረው፤ ከአሥሩ ቢያንስ ሁለቱ ቀፊራ ውስጥ ሲሸጡ የሚውሉ እናቶች ይሁኑ።